ዓርማና ማሊያ ከመቀየሩ በፊት የክለብ አባላት እንዴት ይመከሩ? ለድሬዳዋ ጠያቂያችን የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ የእግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ የሆኑ ሰው እንደጻፉልን፣ አንድ ነጋዴ ለሁለት ዓመት የሚሆን ሙሉ ትጥቅ ለክለቡ ለማቅረብ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ በምላሹ ግን አረንጓዴና ነጭ የሆነው ማሊያ በድርጅታቸው ቀለም፣ በሰማያዊ እንዲተካና የክለቡም ዓርማ እንዲታደስ ጠይቀዋል። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ተስማምቶ ንድፍ አሠርቷል፤ መሥራች አባላትና የቀድሞ ተጫዋቾች ግን ቅር ተሰኝተዋል። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ወር ቀርቶታል። «በቴሌግራም ግሩፓችን ድምፅ እናሰጥ ወይስ ጠቅላላ ጉባኤ እንጥራ? አባላትን ማማከር ሲባልስ እስከ ምን ድረስ ነው?» ይላሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ፣ ዓርማ የሚቀየረው በጠቅላላ ጉባኤ ነው የሚል ነው። የቴሌግራም ግሩፑ ሐሳብ ለመሰብሰብና ጥሪ ለማስተላለፍ ይጠቅማል፤ ለመወሰን ግን አይበቃም። ግሩፑ ውስጥ ያለው ሁሉ አባል አይደለም፤ አባል የሆነውም ሁሉ ግሩፑ ውስጥ የለም። ሁለት ስልክ ቁጥር ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ የድምፅ መስጫው ስም እንዲያሳይ ተደርጎ ካልተዘጋጀም ማን ምን እንደመረጠ ማጣራት አይቻልም። ክለቡን ያቆሙት፣ በየወሩ መዋጮ ሲያዋጡ የኖሩት አባቶችና እናቶች ደግሞ ብዙዎቹ ስልካቸውን ለመደወል ብቻ የሚጠቀሙ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የክለቡን መተዳደሪያ ደንብ ያውጡና ስለ ስም፣ ስለ ዓርማና ስለ ቀለም ምን እንደሚል ያንብቡ። ብዙ ክለቦች ዓርማቸውንና ቀለማቸውን በደንባቸው አንቀጽ ውስጥ ይገልጻሉ፤ እንዲህ ከሆነ ዓርማ መቀየር ማለት ደንብ ማሻሻል ማለት ስለሚሆን፣ ለደንብ ማሻሻያ የተቀመጠው ምልዓተ ጉባኤና የድምፅ ብልጫ ሳይሟላ ኮሚቴው ያሳለፈው ውሳኔ ዋጋ የለውም። ደንቡ ዝም ያለ እንደሆነም ጉዳዩን ወደ ጉባኤው መውሰድ ይሻላል፤ ሃያ ዓመት የለበሱትን ቀለም ሰባት ወይም ዘጠኝ ሰው በአንድ ስብሰባ ሊለውጠው አይገባም።

ቀጥሎ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በደብዳቤዎ ውስጥ ማሊያና ዓርማ እንደ አንድ ጉዳይ ተጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። የአንገቱ ቅርጽ፣ የእጅጌው መስመር፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የስፖንሰሩ ስም በደረት ላይ የሚያርፍበት ቦታ በየውድድር ዘመኑ የሚለዋወጡ ናቸውና ኮሚቴው ከአሠልጣኙና ከተጫዋቾቹ ጋር ተነጋግሮ ሊወስናቸው ይችላል። ተቀያሪው ማሊያም እንዲሁ ሰፊ ነፃነት ያለው ነገር ነው። የዋናው ማሊያ ቀለምና ዓርማው ግን የክለቡ መታወቂያ ናቸው። በከተማችን ድሬዳዋ ከተማን «ብርቱካናማዎቹ» እያልን የምንጠራው ከማሊያው ቀለም ተነሥተን ነው፤ ኢትዮጵያ ቡናንም «ቡናማዎቹ» ይሉታል። ደጋፊው ስሙን ከቀለሙ ካወጣ በኋላ ቀለሙን መቀየር ስሙንም መንካት ይሆናል። የእርስዎ ክለብ የሰፈር ክለብ ቢሆንም ሰፈሩ ውስጥ ያለው ትርጉም ከዚህ አያንስም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማማከር እስከ ምን ድረስ ነው ላሉት፣ «ነባሩ እንዳለ ይቆይ» የሚለው መልስ በእርግጥ ሊያሸንፍ እስከሚችልበት ድረስ ነው እላለሁ። ኮሚቴው ይህን መልስ ለመቀበል ዝግጁ ካልሆነ፣ አባላትን ለምክክር መጥራቱ ቢቀርበት ይሻለዋል፤ የተወሰነን ነገር ውሳኔ ብሎ ማሳወቅ ቢያንስ እውነቱን መናገር ነው። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ትልቁ ቅሬታ የሚነሣው ሥዕሉ ስላላማረ አይደለም፤ ሰዎች ተጠርተው፣ ሰዓታቸውን ሰጥተው፣ ከተናገሩ በኋላ ነገሩ ቀድሞ ያለቀ መሆኑን ሲያውቁ ነው። በእርስዎም ክለብ ንድፉ አስቀድሞ ስለተሠራ ይህ አደጋ ከወዲሁ አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ንድፉ ረቂቅ መሆኑን፣ ከነጋዴው ጋርም ገና ያልተፈረመ መሆኑን (በእርግጥ ካልተፈረመ) በግልጽ ይናገር፤ ከተፈረመም ምን እንደተፈረመ ለአባላት ይንገር።

በትልልቆቹ ክለቦች የሆነውን ማየት ለእኛም ይጠቅማል። የዌልሱ ካርዲፍ ሲቲ ታሪክ ለእርስዎ ሁኔታ በጣም ይቀርባል። የማሌዥያው ባለሀብት ቪንሰንት ታን እ.ኤ.አ. በ2012 ዘመናትን ያስቆጠረውን ሰማያዊ ማሊያ በቀይ ለወጡት፤ ሰማያዊዋ ወፍ የነበረችበትንም ዓርማ ዘንዶ እንዲጎላበት አደረጉ። ገንዘቡ የእሳቸው ነበር፤ ቡድኑም በ2013 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በቀይ ማሊያ ቢያድግም ግን ደጋፊው ቀዩን የራሱ አላደረገውም፤ በጥር 2015 ክለቡ ወደ ሰማያዊው ተመለሰ። ውጤት ሲመጣ ሰዉ ይረሳዋል ብለው የሚያስቡ የኮሚቴ አባላት ካሉ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

የሊድስ ዩናይትድ ጉዳይ ደግሞ ስለ አጠያየቅ ያስተምራል። ክለቡ በጥር 2018 አዲስ ዓርማ ይፋ ሲያደርግ 10,000 ሰው አማክሬያለሁ ብሎ ነበር፤ ሆኖም በአንድ ቀን ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰው ተቃውሞውን ፈረመና ዓርማው ሳይለበስ ቀረ። የተጠያቂው ቁጥር ትንሽ አልነበረም። እኔ የምረዳው፣ ስለ ክለቡ ማንነት በጥቅሉ ሐሳብ መስጠትና ደረት ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል ዓይቶ «ይሁን» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይተካም። ኤቨርተን በ2013 የላቲን መፈክሩን ያስቀረ ዓርማ አውጥቶ ከባድ ተቃውሞ ሲገጥመው፣ ይቅርታ ጠይቆ ሦስት አማራጮችን ለደጋፊዎቹ ድምፅ አቀረበ፤ መፈክሩም በተመረጠው ዓርማ ላይ ተመለሰ። አትሌቲኮ ማድሪድም በ2017 ወደ አዲሱ ስታዲየሙ ሲገባ የቀየረውን ዓርማ በ2023 ለአባላቱ ድምፅ አቅርቦ፣ ድምፅ ከሰጡት ወደ 89 በመቶ የሚጠጉት የቀድሞውን ስለመረጡ ከ2024–25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ እሱ ተመልሷል። እንግሊዝ በ2025 ባወጣችው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ፣ በሕጉ የሚታቀፉ ክለቦች ዓርማቸውን ወይም የዋናውን ማሊያ ቀለም በመሠረታዊነት ለመቀየር የአብዛኛውን ደጋፊ ድጋፍ ማረጋገጥ እንዳለባቸው ደንግጋለች። ይህ ሕግ እኛን አይገዛንም፤ ያም ሆኖ ምክክሩ በኮሚቴ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደሌለበት ያሳያል።

በእርስዎ ክለብ ምክክሩን ከየት ልጀምር ካሉ፣ ከአዲሱ ሥዕል ሳይሆን ከአሮጌው ማሊያ ይጀምሩ። ለአባላት ጥሪ ያድርጉና በቤታቸው ያለውን አሮጌ ማሊያ፣ ፎቶግራፍ፣ የምስክር ወረቀት፣ የዋንጫ ፎቶ እንዲያመጡ ይጠይቁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው የደቻቱ ጎርፍ በከተማችን የብዙ ሰው ቤትና ንብረት ጠራርጎ ወስዷል፤ ስለዚህ በክለቡ መዝገብ የማይገኘው ነገር በአንድ የቀድሞ ግብ ጠባቂ ሳጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ይህ ሥራ የትዝታ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዓርማው ላይ ያለው እያንዳንዱ ምልክት ማን እንዳመጣው፣ ለምን እንደገባ፣ አረንጓዴው በምን ምክንያት እንደተመረጠ ከመሥራቾቹ አፍ ተሰምቶ በጽሑፍ ይያዝ። ድሬዳዋ በኳስ ረጅም ታሪክ ያላት ከተማ ናት፤ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያነሣ ነበር። የዚያን ዘመን ወጎች ለልጆቻቸው ያወረሱ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። አንዳንዱ ዓርማ ላይ የባቡር ጎማ ወይም የማገዶ ጭስ የሚያወጣ ባቡር የሚታየው ከተማዋ ከምድር ባቡሩ ጋር አብራ ስለተወለደች ነው፤ ወጣቱ ዲዛይነር ይህን ሳያውቅ «ጊዜ ያለፈበት» ብሎ ሊያነሣው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ለአባላት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛውን ትወዳላችሁ?» መሆን የለበትም። መቅደም ያለበት «ከነባሩ ውስጥ የማይነካው የቱ ነው?» የሚለው ነው። የዓርማው ቅርጽ ነው? የተመሠረተበት ዓመት ነው? አረንጓዴው ነው? ወይስ ጽሑፉ? እንዲህ ሲጠየቁ በጣም ተቃዋሚ የሚመስሉ አባላት እንኳ ለመለወጥ የሚፈቅዱት ነገር ይኖራቸዋል፤ ለውጥ ፈላጊዎቹም እንዲቆይ የሚመኙት ነገር እንዳለ ያያሉ። ዲዛይነሩም ከባዶ ወረቀት ሳይሆን ከዚህ ዝርዝር ይነሣል።

ስብሰባው መቼና የት ይሁን የሚለው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በድሬዳዋ ግን ውጤቱን ይወስናል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የተጠራ ስብሰባ ሙቀቱ ራሱ ይበትነዋል፤ ከዚያም በኋላ ያለው ሰዓት ለብዙ ሰው የበርጫ ሰዓት ነው። እሑድ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢሆን ቅዳሴ የሄደውም ይደርሳል፣ ከዙሁር ሶላት በፊትም ያልቃል። የረመዳንን ወርና የታላላቅ በዓላትን ሰሞን ይተዉት። ከጉባኤው በፊት ደግሞ ሰዎች ባሉበት መሄድ ይጠቅማል፤ በየዕድሩ፣ ልምምድ ሲያልቅ በሜዳው ዳር፣ አዎ፣ በበርጫውም ቤት ቢሆን። በእኛ ከተማ የሰፈር ነገር የሚመከረው እዚያ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ሁለት ሰው ልኮ አሮጌውንና ረቂቁን ጎን ለጎን ቢያሳይ በአዳራሽ ማይክራፎን ፊት የማይናገረው ሰው ይናገራል። ማብራሪያውም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጥ። ጥሪው በአንድ ቋንቋ ብቻ ከተለጠፈ ውጤቱን «የአባላት ድምፅ» ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ሐረር ላይ ክለብ ያላቸው ወዳጆች ደግሞ አፎቻውን (የሐረሪዎችን ዕድር መሰል የመረዳጃ ማኅበር) እንዲጠቀሙ እመክራለሁ፤ የተዘጋጀ የመመካከሪያ መድረክ ነውና።

ማን ድምፅ ይሰጣል ለሚለው፣ የአባላት መዝገብ ከጉባኤው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ታርሞ ይለጠፍ። መዋጮ ያጓደለ አባል ከፍሎ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠው፤ በስብሰባው ጠዋት የተመዘገበ ሰው ግን በዚህ ጉዳይ ድምፅ አይስጥ። አለዚያ ሁለቱም ወገን ሰው እያመጣ ማስመዝገብ ይጀምራል። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ታዳጊ ተጫዋቾች በደንቡ ድምፅ ባይኖራቸውም ማሊያውን የሚለብሱት እነሱ ናቸውና ሐሳባቸው ተሰብስቦ ለጉባኤው ይነበብ። በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲና በሌላም አገር ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾችም እንዲሁ በቴሌግራም ሐሳባቸውን ይስጡ፤ ቴሌግራሙ እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

አባላት የሚያዩትም ነገር በስልክ ላይ ያለ ሥዕል ብቻ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። በስክሪን ላይ የሚያበራ ቀለም በጨርቅ ላይ ሌላ ነው። የልብስ ስፌት ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ነባሩን አረንጓዴና የታሰበውን ሰማያዊ በእውነተኛው የማሊያ ጨርቅ ላይ አሠሩ፤ አንዱን ቁራጭ ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ ስቀሉት፣ እየታጠበም ይድረቅ፣ ከዚያ ካልተነካው ጎን አኑራችሁ ለአባላት አሳዩ። የድሬዳዋ ፀሐይ አንዳንዱን ቀለም በአንድ የውድድር ዘመን ያደበዝዘዋል፤ ይህን በጠረጴዛ ላይ ያየ ሰው ስለ ውበት ብቻ አይከራከርም። ዓርማውንም በሦስት ሁኔታ ይፈትኑት። በጥልፍ ሲሠራ በደረት ላይ የሚኖረው ስፋት ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ ቀጫጭን ፊደላትና መስመሮች በክሩ ውስጥ ይዋጣሉ። በቴሌግራም መገለጫ ላይ ክብ ሆኖ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳይጠፋ ያረጋግጡ። በመጨረሻም በአንድ ቀለም፣ በክለቡ ማኅተም ላይ ታትሞ ይታይ፤ በሦስት ቀለም ካልሆነ በቀር የማይነበብ ዓርማ ለማኅተም አይሆንም። የጨዋታው ሕግ አራተኛ ክፍል ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸውና ከዳኞች የሚለዩበት ቀለም እንዲለብሱ ስለሚያዝ፣ በውድድራችሁ ውስጥ ስንት ቡድን ሰማያዊ እንደሚለብስም ቆጥራችሁ ለጉባኤው አቅርቡ።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ክለብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሦስት አዳዲስ ንድፎችና ነባሩ በአንድ ወረቀት ላይ ቀርበው፣ ከመቶ ሰው 30 የመጀመሪያውን፣ 24 ሁለተኛውን፣ 18 ሦስተኛውን፣ 28 ደግሞ ነባሩን መረጡ እንበል። የመጀመሪያው አሸነፈ ይባላል፤ ነገር ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የመረጡት ከተሸነፉ በኋላ ከአሸናፊው ይልቅ ነባሩን ሊመርጡ ይችሉ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። በዚያው ልክ «መቀየር አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ ሥዕሉ ሳይታይ መጀመሪያ ማስወሰንም አልመክርም፤ ለውጥ የሚፈልግ ሰው የትኛውንም ለውጥ ይቀበላል ማለት አይደለምና። የሚሻለው በመጀመሪያው ዙር ከአዲሶቹ አንዱን መምረጥ፣ በሁለተኛው ዙር፣ ቢቻል ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ያንን አንዱን ከነባሩ ጋር ፊት ለፊት ማቅረብ ነው። የጥያቄው ቃል አያዘንብል። «ክለባችን ከዘመኑ ጋር እንዲራመድ አዲሱን ዓርማ ይደግፋሉ?» የሚል ወረቀት መልሱን አስቀድሞ ይናገራል። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ «ሀ) ነባሩ ዓርማ እንዳለ ይቀጥል። ለ) በሥዕሉ የሚታየው አዲስ ዓርማ ነባሩን ይተካ።» ሁለቱም ሥዕሎች በእኩል መጠን፣ በቀለም ይታተሙ። የማሊያው ቀለም በሌላ ወረቀት ለብቻው ይቅረብ፤ ዓርማውን የሚቀበል ሰው ሰማያዊውን ሊቃወም ይችላል። ድምፁ በምስጢር ይሰጥ፤ ቆጣሪዎቹም ከኮሚቴው ውጭ፣ ከሁለቱም ወገን ይመረጡ። ደንቡ ሌላ ካላለ፣ ለዓርማና ለዋና ቀለም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቢጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሁለት ድምፅ ልዩነት የተቀየረ ዓርማ በሚቀጥለው ኮሚቴ በሁለት ድምፅ ሊመለስ ይችላልና።

ይህ ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ አያልቅም። ስለዚህ የዘንድሮውን ውድድር በነባሩ ዓርማ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ከነጋዴው ጋር በግልጽና በአክብሮት መነጋገር ያስፈልጋል፤ ለሰፈር ልጆች ትጥቅ የሚገዛ ሰው ምስጋና ይገባዋል፣ እንደ ባላጋራም መታየት የለበትም። የሚፈልጉት የድርጅታቸው ስም እንዲታይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ደረት አለ፣ ጀርባ አለ፣ የልምምድ ልብስ አለ። ተቀያሪው ማሊያ ሙሉ በሙሉ በሰማያዊ ይሁንላቸው። አረንጓዴ ላይ በነጭ የተጻፈ ስም ከሩቅ እንደሚነበብ በጨርቁ ላይ አሳዩአቸው። የስፖንሰር ውሉ ሁለት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ድርጅት በሌላ ቀለም ቢመጣ ክለቡ እንደገና ሊቀየር ነው ወይ የሚለውንም ሳይሸሽጉ ያንሡላቸው። ውሉ ውስጥ ዓርማና የዋና ማሊያ ቀለም የጠቅላላ ጉባኤው ሥልጣን መሆናቸው በአንድ አንቀጽ ይጻፍ።

አዲሱ ዓርማ ካሸነፈ፣ ንድፉን የሠራው ሰው መብቱን ለክለቡ ማዛወሩን በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ በተለይ በነፃ ወይም በውድድር ከተሠራ ይህ አይዘለል። አቅም ካለ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ጸንቶ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። የማኅተሙ ለውጥ በቃለ ጉባኤ ተደግፎ ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ለፌዴሬሽኑና ለባንኩ በደብዳቤ ይገለጽ፤ አሮጌው ማኅተም በአዲሱ ርክክብ ቀን በኮሚቴው ፊት ከአገልግሎት ውጭ ይደረግና ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈረም፤ አለዚያ በሁለት ማኅተም የሚጻፍ ደብዳቤ ሊመጣ ነው። ቀድሞ የተሸጡና የታደሉ ማሊያዎች ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን በልምምድና በታዳጊ ቡድን ያገልግሉ።

ነባሩ ካሸነፈ ደግሞ ውጤቱ ከነቁጥሩ በዚያው ቀን ይለጠፍ፤ ለነጋዴውም በሳምንቱ ውስጥ ከሊቀመንበሩና ከሁለት መሥራች አባላት ጋር ሆናችሁ ሄዳችሁ በአካል ንገሯቸው፤ የተቀያሪውን ማሊያ ናሙናም ይዛችሁ ሂዱ። የዲዛይነሩ ድካም ይከፈለው። ጉዳዩ እንደገና ለጉባኤ የሚቀርበው ከስንት ዓመት በኋላና ስንት አባል ሲጠይቅ እንደሆነም በዚያው ቃለ ጉባኤ ይወሰን።